መርዶውን ያነበብኩበት ቅዳሜ

ይህን የምጽፈው ይቅርታ ለመጠየቅ አይደለም። ይቅርታው የሚመለከተውን ሰው ፊት ለፊት ጠይቄዋለሁ፤ ምን ብሎ እንደመለሰልኝም እነግራችኋለሁ። የምጽፈው ሰዉ ታሪኩን አጣሞ ስለሚያወራው ነው። "ሙሉ በሬዲዮ ሰው አረዳች" ይሉኛል። እውነት ነው፣ አርድቻለሁ። ግን ከዚያ የባሰ የሠራሁት አለ፤ እሱን ማንም አያወራውም።

መጀመሪያ ማን እንደነበርኩ ልናገር። ስሜ ሙሉወርቅ ነው፤ እዚህ ኮሎምበስ ያለው ሐበሻ እትዬ ሙሉ ይለኛል። አገር ቤት ሬዲዮ ላይ ዜና አንባቢ ነበርኩ። ዲቪ ደርሶኝ ከመጣሁ ጀምሮ ደግሞ ከሰኞ እስከ አርብ ዌርሃውስ ውስጥ ቆሜ ካርቶን ስካን አደርጋለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት፣ ዩኒቨርሲቲው አጠገብ ካለች አንዲት ትንሽ የሕዝብ ሬዲዮ ጣቢያ የአማርኛ ፕሮግራም አቀርባለሁ። አቀርብ ነበር ማለቴ ነው። አሥራ አንድ ዓመት፣ ያለ ደሞዝ፣ በዝናብም በበረዶም።

ልጄ ሩት ነርስ ናት። "ማም፣ ኖባዲ ሊስንስ ቱ ሬዲዮ" ትለኛለች፤ ሬዲዮ የሚሰማ የለም ማለቷ ነው። እኔ በአማርኛ እቆጣለሁ፣ እሷ በእንግሊዝኛ ትመልሳለች፤ እንዲህ ሆነን ነው የምንኖረው። እውነቱን ልንገራችሁና እኔም ደክሞኝ ነበር። ማይክራፎኑ ፊት ተቀምጬ "አሁን ማን ነው የሚሰማኝ?" የምልበት ቅዳሜ በዝቶ ነበር። ስቱዲዮው ውስጥ አንድ ስልክ አለ፤ አይጮኽም፣ ሰው ሲደውል ቀይ መብራት ያበራል። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ በኔ ሰዓት በርቶ አያውቅም።

የጣቢያው ሥራ አስኪያጅ ኮልም የሚባል አየርላንዳዊ ነው። ሰባ ዓመት ያለፈው፣ ረጅም፣ የሹራቡ ክርን የተበላ ሰውዬ። ዕድሜው አንቱ ያስብላል፤ እንግሊዝኛ አንቱ አያውቅምና አንተ ሆኖ ቀረ። እኔ ለማካካስ ጋሽ ኮልም እለዋለሁ፣ ይወደዋል። አገሩ የሕዝብ ሬዲዮ ውስጥ በድምፅ ቴክኒሻንነት ገብቶ ትልቅ ዳይሬክተር እስከመሆን የደረሰ ነው። ዕድሜውን ሙሉ የተሟገተው ለአንድ ነገር ነው፤ አይሪሽኛ ለሚባለው ለእናቱ ቋንቋ። አብዛኛው የአገሩ ሰው እንግሊዝኛ ነው የሚናገረው። በአይሪሽኛ አፍ የፈቱት ባሕሩ ዳር ካሉ መንደሮች የመጡ እንደሱ ያሉት ናቸው። "ለቋንቋው ልናገር ስነሳ ሰዎቹ ሰዓታቸውን ያዩ ነበር" ብሎ አጫውቶኛል። ሚስቱ ስትሞት እዚህ ዩኒቨርሲቲ የምታስተምረው ልጁ ጋ መጣ። ሊያርፍ ነበር የመጣው፤ ጣቢያዋ ስትለምነው እምቢ ማለት አልቻለም።

እሱ ሲመጣ ጣቢያዋ ላይ በሌላ ሌላ ቋንቋ የሚተላለፍ አምስት ሰዓት ነበረ። አንድ በአንድ ተዘጉና የኔ ብቻ ቀረ። መርዶውን ባነበብኩበት ሳምንት የጣቢያው ቦርድ ሰኞ ሊሰበሰብ ነው ተባለ፤ አጀንዳው የኔ ሰዓት። ኮልም ጠርቶኝ፣ "ሙሉ፣ እነዚህ ሰዎች ክፉ አይደሉም፤ ግን አድማጭ አሳዩን ነው የሚሉት። አንድ ሰው አምጪልኝ። ደውሎ ድምፁን የሰጠ አንድ ሰው" አለኝ።

"አንድ?"

"አንድ ካለኝ ለአንዱ እሟገታለሁ። ባዶ እጄን ግን አልችልም።"

እንግዲህ አርብ ማታ ነው ነገሩ የመጣው። ከኦቨርታይም ወጥቼ መኪናዬ ውስጥ ቁጭ እንዳልኩ የእድራችን ሊቀመንበር ጋሼ ተፈራ ቴክስት አደረጉልኝ። ደሴ ያሉ የመስፍን እናት፣ ወይዘሮ አስካለ፣ ረቡዕ ዐርፈዋል። "ነገ ንጋት ላይ ሄደን እናረዳዋለን። በፕሮግራምሽ የለቅሶ ማስታወቂያውን አንብቢልን" ይላል። መስፍን የእድራችን አባል ነው፤ ሠላሳ አምስት ቢሆነው ነው፣ የዕቃ ማድረሻ ቫን ይነዳል። ሚስቱ ገና አገር ቤት የቪዛ ፕሮሰስ ላይ ስለሆነች ሞርስ ሮድ አካባቢ ብቻውን አፓርታማ ተከራይቶ ይኖራል።

መርዶ እንዴት እንደሚነገር ታውቃላችሁ፤ እኛ በስልክ አንናገርም። ሰውየው ሥራ ላይ እንዳለ፣ መንገድ ላይ እንዳለ አንነግረውም። እንጀራውን፣ ወጡን፣ ውኃውን ይዘን፣ ሽማግሌ አስቀድመን፣ ሳይነጋ በሩን እናንኳኳለን። እስከዚያ ድረስ ያወቀ ሁሉ አፉን ይዘጋል። ለዚህ ነው እኔም የራሴ ሕግ የነበረኝ፤ የለቅሶ ማስታወቂያ ከማንበቤ በፊት ጋሼ ተፈራ ጋ ደውዬ "ተነገረ?" እላለሁ፣ "ተነገረ" ይሉኛል፣ ከዚያ አነባለሁ። አሥራ አንድ ዓመት አንድም ጊዜ ዘልዬው አላውቅም።

ያን ቅዳሜ ዘለልኩት። ሌላ ምክንያት የለኝም፤ ደክሞኝ ነበር፣ ሐሳቤ ሰኞ ላይ ነበር። ንጋት ካሉ ንጋት ነው፣ እኔ አየር ላይ የምወጣው በሁለት ሰዓት ነው፣ ምን ይጠየቃል አልኩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ያፈሰስኩት የሚለቀም አልነበረም።

ጠዋት ስደርስ የድምፅ መቆጣጠሪያው ላይ የሚቀመጠው በጎ ፈቃደኛ አልመጣም፤ ኮልም ራሱ ጆሮ ማዳመጫውን ጭኖ ከመስታወቱ ወዲያ ተቀምጧል። አውራ ጣቱን አሳየኝ። ጀመርኩ።

ዜናውን ከማንበቤ በፊት ለመንኩ። "ውድ አድማጮቼ፣ ይህች ሰዓት ልትዘጋብን ነው። የምትሰሙኝ ካላችሁ ዛሬ ደውሉልኝ። ምንም ባትሉ፣ አለሁ በሉኝ" አልኩ። እንዲህ ለምኜ አላውቅም ነበር፤ በራሴም ተናደድኩ። ከዚያ ዜና አነበብኩ፣ አንድ ዘፈን ሄደ፣ ስለ ትምህርት ቤት ምዝገባ ተናገርኩ። መብራቱ አልበራም። ኮልም በመስታወቱ በኩል ትከሻውን ነቀነቀ።

ከዚያ ማስታወቂያውን አነበብኩ። "የእድራችን አባል የአቶ መስፍን ወላጅ እናት፣ ወይዘሮ አስካለ በየነ፣ በደሴ ከተማ ከዚህ ዓለም በሞት ስለተለዩ፣ ለቅሶ መድረስ የምትፈልጉ ወገኖች ከዛሬ ጀምሮ በመኖሪያ ቤቱ…" አድራሻውን አነበብኩ። በዜና አንባቢ ድምፄ፣ ነጥቡን ጠብቄ፣ አሳምሬ ነው ያነበብኩት። አሁን ሳስበው ማሳመሬ ነው የሚያንገበግበኝ።

ወረቀቱን ሳላስቀምጥ መብራቱ በራ።

ኮልም ከወንበሩ ተነሳ። እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ማይክራፎኑ ላይ ነው የሳቅኩት። "ይኸው አድማጫችን ደወሉ! ማን ልበል?" አልኩና ኮልም መስመሩን ወደ አየር ለቀቀው።

"እትዬ ሙሉ" አለኝ። ከኋላው የመኪና ሞተር ይሰማል። "መስፍን ነኝ። አሁን ያነበብሽውን ድገሚልኝ። ስሙ የኔ መሰለኝ።"

ምን እንደተሰማኝ ልንገራችሁ ብል ውሸት ነው፤ ምንም አልተሰማኝም። እጄን አየሁት፣ ወረቀቱን ይዟል። ያልተነገረው መሆኑ ወዲያው ገባኝ። አጥንቴ ውስጥ ነው የገባኝ።

"እትዬ ሙሉ፣ አለሽ? አስካለ ነው ያልሽው?"

በሬዲዮ ሥራ ዝምታ ነውር ነው። አገር ቤትም እዚህም ያስተማሩኝ ይህንን ነው፤ ማይክራፎን ፊት ዝም አይባልም። እኔ ዝም አልኩ። ኮልም አማርኛ አያውቅም፤ ፊቱ ላይ ሳቁ አልጠፋም፣ በጣቱ እየከበበ "ቀጥይ፣ ቀጥይ" ይለኛል። አድማጭ ተገኘለታ።

"መስፍንዬ፣ የት ነህ?" አልኩት።

"እናቴ ናት ወይ?"

ጣቴን ወደ አንገቴ አድርጌ መስመሩን እንዲቆርጥ ለኮልም አመለከትኩት። ያኔ ፊቱ ተለወጠ፤ ከአየር አወረደውና ሙዚቃ ለቀቀ። እኔ ስልኩን አነሳሁ። "አዎ፣ እናትህ ናቸው። ሞተሩን አጥፋ። እንዳትነዳ። የት ነው የቆምከው?" አልኩት። ሞርስ ሮድ ላይ ያለ የአንድ ሱቅ ፓርኪንግ ነገረኝ። መጣሁ አልኩት።

ኮልም በሩን ከፍቶ ቆሟል። በሁለት ዐረፍተ ነገር ነገርኩት። ፊቱን በመዳፉ ጠረገና "ሂጂ" አለኝ።

"አርባ ደቂቃ ይቀራል። ሌላ ሰው የለም።"

"እኔ አለሁ። ሂጂ ብያለሁ።"

መኪናዬ ውስጥ ሆኜ ጋሼ ተፈራ ጋ ደወልኩ። ለካስ በሌሊቱ ሄደው ነበር። ስምንት ሆነው፣ ምግቡን ይዘው፣ በሩን ቢያንኳኩ ማንም የለም። መስፍን ተጨማሪ ሺፍት ተሰጥቶት ገና ሳይነጋ ወጥቷል። ስልክ እንዳይደውሉለት ድምፃቸው ያሳብቃል፤ ስለዚህ ከሥራ እስኪመለስ ጠብቀው ሊነግሩት ተስማሙና መኪናቸው ውስጥ ቁጭ አሉ።

"ለኔስ ጋሼ? ለምን አልደወሉልኝም? ሁለት ሰዓት ላይ እንደማነበው ያውቃሉ።"

"ሙሉዬ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ትዝም አላለኝ። ሬዲዮውን ማን ይሰማል ብዬ" አሉኝ። ጋሼ ተፈራ ደግ ሰው ናቸው። ግን በዚያች ሰዓት እሳቸውን ሰድቤ፣ ራሴን ሰድቤ፣ መንገዱን በቅጡ ሳላየው ነው የነዳሁት።

የመኪናዬ ሬዲዮ በኛ ጣቢያ ላይ ነበር። ሙዚቃው አለቀና የኮልም ድምፅ መጣ። መጀመሪያ በእንግሊዝኛ፣ "የዚህ ሰዓት አቅራቢ ሐዘን ላይ ላለ ሰው ሄዳለች። አማርኛ አልችልም። የሰው ሐዘን ላይ ግን እንግሊዝኛ መናገር አልፈለግሁም" አለ። ከዚያ በራሱ ቋንቋ ጀመረ። አይሪሽኛ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ቀስ ብሎ፣ ከጉሮሮው፣ እያረፈ። አንድ ቃል አልገባኝም።

መስፍንን ቫኑ ውስጥ አገኘሁት። የሥራ ሰደርያውን እንደለበሰ መሪው ላይ ተደፍቷል፤ ከኋላው ካርቶኑ እስከ ጣሪያ ተደርድሯል። የሥራው ስልክ ቆመሃል፣ ችግር አለ ወይ እያለ ድምፅ ያሰማል። በሩን ከፍቼ ጎኑ ተቀመጥኩ። አቀፍኩት። አለቀሰ፣ አለቀስኩ። እግዚአብሔር ያጽናህ ማለት ይገባኝ ነበር፤ አፌ እምቢ አለኝ።

ቆየት ብሎ፣ "መቼ ነው?" አለኝ።

"ረቡዕ።"

"ማን ያውቅ ነበር?"

"ሁሉም" አልኩት። ምን ልበል።

"ሐሙስ ከጋሼ ተፈራ ጋር ተደዋውለናል። አርብ ደግሞ ከሦስት የእድሩ ልጆች ጋር ምሳ በልቻለሁ። ቀልድ ነገሩኝ እኮ። ሳቅኩ። እናቴ ሞታ ስቄአለሁ፣ እነሱ እያወቁ አሳቁኝ።"

"ሊጠብቁህ ብለው ነው።"

"ከምን?"

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለውን ተረት አውቀዋለሁ፤ እንዲህ ፊት ለፊት ግን ተቀምጬ አይቼው አላውቅም ነበር። "ዛሬ ከሥራ ስወጣ ልደውልላት ነበር። እሁድ ኔትወርክ እምቢ ብሎኝ" አለ። የቫኑ ሬዲዮ አልጠፋም ነበር፤ ያረጀ መኪና ነው፣ ከሬዲዮ ሌላ የሚሰማበት ነገር የለውም። ኮልም አሁንም እያወራ ነው።

"ምንድነው የሚለው?" አለኝ መስፍን።

"አላውቅም። ቋንቋው የአገሩ ነው። ላጥፋው?"

"ተይው" አለኝ።

ጋሼ ተፈራና ሰዎቹ እስኪደርሱ ድረስ ሁለታችንም የማንሰማውን ቋንቋ አዳመጥን። ሰዎቹ መጡ፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በፓርኪንጉ መሐል እያለቀሱ ወደ ቫኑ ሮጡ፤ ገበያተኛው ጋሪውን ይዞ ቆሞ ያያል። አንዱ መኪናውን፣ አንዱ መስፍንን ይዞ ወደ ቤት ሄድን።

እሁድ ከሰዓት በኋላ ከለቅሶው ቤት ወጥቼ ጣቢያው ሄድኩ፤ ኮልም ጠርቶኝ ነበር። ሁለት ኩባያ ሻይ አስቀምጦ ጠበቀኝ። ሰውየው እንዴት ነው አለኝ፤ ነገርኩት። ትናንት ምን ስታወራ ነበር ብዬ ጠየቅሁት።

"ሠፈሬ ሰው ሲሞት የሚባለውን ጸሎት አደረስኩ። ሲያልቅብኝ ስለ እናቴ አወራሁ። እኛም አገር ሬዲዮ ሙታንን ያነባል ሙሉ፤ በየቀኑ። ጠዋት ጠዋት የሞቱትን ስም ሳይሰማ ከቤት የማይወጣ ሽማግሌ ሞልቷል" አለ።

ከዚያ ኮምፒውተሩን ወደኔ አዞረው። አየር ላይ የወጣ ነገር ሁሉ በራሱ ይቀረጻል፤ የመስፍን ጥሪም እዚያ አለ። "ነገ ይህን ባሰማ፣ ትርጉሙን ባነብላቸው፣ አንድም ሰው እንዲዘጋ እጁን አያነሳም። አንድ አድማጭ ጠየቅሁሽ፤ እንደዚህ የሰማ አድማጭ የለም" አለኝ።

አልዋሻችሁም፣ እሺ ልል ነበር።

እሱ ግን ቀጠለ። "መልስ ከመስጠትሽ በፊት አንድ ነገር ስሚ። እኔ ይህንን አንድ ጊዜ አድርጌዋለሁ። በጎልማሳነቴ፣ መንደራችን ያለችውን የአይሪሽኛ ጣቢያ ሊዘጉ ተነሱ። በዚያው ሰሞን አንዲት ሴት ባሏ ባሕር ላይ ቀረ፤ ጣቢያችን ደውላ፣ አየር ላይ፣ ጎረቤቶቿን አስክሬኑን ፈልጉልኝ ብላ ለመነች። ያንን ቅጂ ይዤ ዋና ከተማ ሄድኩ። አለቆቹ ፊት አሰማሁት። ሰዎቹ አለቀሱ። ጣቢያዋ ተረፈች፤ እኔም ተሾምኩ። ዳይሬክተርነቴ የተጀመረው ከዚያ ነው።"

"ታዲያ መልካም ሠራህ።"

"ከሁለት ዓመት በኋላ መንደሯ ሄጄ ቤቷ ገባሁ። ሻይ ቀዳችልኝ፣ ዳቦ አቀረበችልኝ፣ ምንም ክፉ ቃል አልተናገረችኝም። ግን ከገባሁ እስክወጣ ያናገረችኝ በእንግሊዝኛ ነው። በአይሪሽኛ ሰላም ብላት በእንግሊዝኛ መለሰችልኝ።" ኩባያውን አስቀመጠ። "ሠላሳ ዓመት ለቋንቋው ተሟገትኩ። ሰዎች ሜዳልያ ሰጡኝ። እሷ ግን አንድ ቃሉን ነፈገችኝ።"

"አታሰማው" አልኩት። አላመነታሁም። "የሰውየው እንባ ነው። ለቦርድ አናቀርበውም።"

"እሱን ጠይቀሽዋል?"

"ገና ሁለተኛ ቀኑ እኮ ነው ጋሽ ኮልም። ሐዘን ላይ የተቀመጠ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ይጠየቃል? በኛ ነውር ነው።"

"እኔም አልጠየቅኳትም" አለ። የተስማማ መስሎኝ ነበር።

ሰኞ ዳውንታውን፣ አሥራ ምናምነኛ ፎቅ ላይ ያለ የመስታወት ክፍል ውስጥ ተሰበሰቡ። ሰባት ናቸው፤ ኮልም እንዳለው ክፉ ሰዎች አይደሉም። ቡና ይዘዋል፣ ፈገግ ይላሉ። ላፕቶፕ የያዘ ወጣት አባል "እርስዎ አድማጮችዎን እንዴት ያውቋቸዋል?" ብሎ በትሕትና ጠየቀኝ። በቤተ ክርስቲያን፣ በለቅሶ፣ በሰርግ አገኛቸዋለሁ አልኩት። ጻፈው። ኮልም ተነስቶ፣ "ማስረጃ አለ፤ ግን የኛ ስላልሆነ አላቀርበውም። ቅዳሜ ከግማሽ ሰዓት በላይ በአይሪሽኛ እንዳወራሁም እወቁልኝ" አለ። ሳቁ። አንዲት ሴት ሰዓቷን አየች። ከዚያ እጅ ተነሳና ሰዓቴ ተዘጋ። ውሳኔው ላይ የሚፈርመው ሥራ አስኪያጁ ነው፤ ኮልም ቆሞ ፈረመ። አብረን ወደ ፓርኪንጉ ወረድን። እኔ ግን፣ ልንገራችሁ፣ በድካሜ ውስጥ ትንሽ ኩራት ነበረኝ። ሰዓቴን አጥቼ የሰው ሐዘን አላስነካሁም ብዬ።

በመስፍን እናት አርባ ዕለት ሰው ከተበተነ በኋላ ሣህን ሳነሳ መስፍን መጥቶ አጠገቤ ቆመ። ከስቷል፣ ጺሙን አልተላጨም።

"እትዬ ሙሉ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሙዚቃ ብቻ ነው። የት ሄድሽ?" አለኝ።

"ትሰማኝ ነበር ለካ?"

"ከመጣሁ ጀምሮ። ያ ቫን ውስጥ ሌላ የሚያናግረኝ ማን አለ?"

ነገርኩት። ሰኞውን፣ ቦርዱን፣ ቅጂውን፣ እኔ አይሆንም ማለቴን። እውነት ለመናገር ሊያመሰግነኝ ነው ብዬ ነው የጠበቅሁት። እሱ ሣህኑን ከእጄ ወሰደና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

"ድምፁ የማን ነው?" አለኝ።

"ያንተ።"

"እናትየዋስ?"

"ያንተ።"

"ታዲያ ለምን አልጠየቅሽኝም?"

"ሐዘን ላይ ነበርክ መስፍኔ። ልጠብቅህ ብዬ…" ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ሰማሁት። ቫኑ ውስጥ "ከምን?" ብሎ የጠየቀኝን ቃል።

"እሺ እል ነበር" አለኝ። ድምፁን አላነሳም። "አሰሟቸው እል ነበር። እነሱ ሦስት ቀን ደበቁኝ። አንቺ አርባ ቀን።"

ይቅር በለኝ አልኩት። "ለማስታወቂያው ይቅር ብየሻለሁ፤ እሱን ሳታውቂ ነው። ይኼኛውን አስቤ እነግርሻለሁ" አለና ሣህኖቹን አነባብሮ ወደ ኩሽና ገባ። እስካሁን አልነገረኝም።

ይኸው ነው። አንባቢዎቼ፣ ሰዎች የሚያወሩት ቅዳሜን ነው፤ እኔን ከእንቅልፌ የሚቀሰቅሰኝ እሁድ ነው። መርዶን በንጋት መናገር ይቅር አልልም፤ ለብቻ ከመውደቅ ሰው ተከቦ መውደቅ ይሻላል፣ ይህን መስፍንም አልካደም። ያስቸገረኝ ከዚያ ተነስተን የደረስንበት ነው። ለሰው ማሰብና በሰው ፋንታ ማሰብ ተደባልቀውብናል። ሐዘንተኛ አይጠየቅም፣ ሽማግሌ አይነገረውም፣ ልጅ አይሰማም እያልን የሰውን ነገር ሰውየው በሌለበት እንጨርሳለን፤ ከዚያም ተሳካልን ብለን እንኮራለን። እኔ ሃያ ዓመት ሙሉ የሰው ድምፅ ይዤ ኖሬ፣ አንድ ሰው ድምፁን በሰጠኝ ዕለት ምን ይደረግበት ብዬ ሳልጠይቀው ወሰንኩ።

ለኮልም ነገርኩት። "ያቺ ሴትም እሺ ትለኝ ይሆን ነበር። ይህን አስቤው አላውቅም" አለ።

ያን እሁድ ከጣቢያው ወደ ለቅሶው ቤት ተመልሼ እስከ ማታ አራት ሰዓት ነበርኩ። መስፍን ምንጣፉ ላይ ተቀምጧል፣ እኔ ጎኑ ነኝ። ሦስት ጊዜ ውኃ ሰጥቼዋለሁ፣ አንዴ አጉርሼዋለሁ። ስለ አየሩ ጠይቄዋለሁ፣ እንቅልፍ ወሰደህ ወይ ብዬ ጠይቄዋለሁ። ጊዜ ነበረኝ።